የማትመክር አማካሪ

ለቅሶ ቤት ውስጥ ስቅታ ይዟችሁ ያውቃል? የማያውቅ ካለ ፈጣሪውን አመስግኖ ንባቡን ይቀጥል። እኔን ወልቂጤ ላይ ስሜን ያጠፋው ይኸው ነገር ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ፣ ጡረታ ለመውጣት አንድ ክረምት የቀረኝ ሰው ነኝ። ትውልዴ ጎጃም ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የበላሁት ቆጮ ጉራጌ አድርጎኛል ብል የምትከራከረኝ ባለቤቴ ሽታዬ ብቻ ናት። እሷ የቸሃ ልጅ ስለሆነች ፈቃድ ሰጪዋ ራሷ ናት፤ "ገና ይቀርሃል" ትለኛለች።

ስቅታው የጀመረኝ አንድ የሰፈራችን ሰው አርፈው ድንኳን ውስጥ በተቀመጥንበት ቀን ነው። ሰው ሁሉ አቀርቅሯል። አንድ ሽማግሌ የሟቹን ደግነት ዝግ ባለ ድምፅ ያወራሉ። "እንዲያው እንግዳ ሳይዙ ወደ ቤታቸው አይገቡም ነበር" ሲሉ እኔ "ስቅ!" አልኩ። አማርኛ አስተማሪ ነኝና ልንገራችሁ፤ ስቅና ሳቅ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል እግር ነው። ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ደግሞ ያቺ እግር አትታይም። አፌን በጋቢዬ ስይዘው ባሰ፤ ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጎረቤቴ ደምሴ በክርኑ ጎሰም አድርጎኝ "ኧረ በፈጠረህ! ወጥተህ ሳቅ" አለኝ። የሟች ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

ሁለተኛው ለቅሶ ላይ ተደገመ። ሦስተኛው ላይ ድንኳኑ ጋ እንኳ አልደረስኩም፤ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በበራችን ሲያልፍ ቁርሴን እየበላሁ ጀመረኝ። ሽታዬ በምታውቀው መንገድ ልታክመኝ ሞከረች። ስቅታ የሚይዘው ሰው ስምን ሲያነሳ ነው፣ ትክክለኛው ስም ሲጠራ ይለቃል ባይ ናት። "እህትህ ናት? ርእሰ መምህሩ ነው? ያ ጫማ ሰፊ ነው?" እያለች የወልቂጤን ግማሽ ጠራች። አንድ ስም ግን ሳትጠራ ቀረች፤ እኔም አላስታወስኳትም። ደምሴ በበኩሉ መድኃኒቱ ድንጋጤ ነው ብሎ በር ኋላ ተደብቆ ጮኸብኝ። ስቅታው አልለቀቀኝም፤ እኔ ግን የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ ለቀቅኩ።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ጉሮሮዬንም ሆዴንም ደሜንም አይቶ ምንም አጣብኝ።

"ለቅሶ ሲሆን ብቻ ነው የሚነሳብዎት?"

"ብቻ።"

"እንግዲያው የምክር አገልግሎት ክፍል ቢሄዱ ይሻላል" አለኝና ወረቀት ጻፈልኝ።

ወረቀቱን ይዤ ቤት ስገባ ሽታዬ "ዕብድ ነህ ማለታቸው ነው?" ብላ ደነገጠች። ደምሴ ደግሞ እንደ አዋቂ አስጠነቀቀኝ። "መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ዓይንህን አይተው የሆድህን ያነባሉ አሉ። ስታወራ ግድግዳ ግድግዳውን እያየህ ይሁን" አለኝ። እኔ ግን ነገሩን ከስሙ ተነስቼ ተረዳሁት። አማካሪ ማለት የሚመክር ነው። መካሪ ካለ ደግሞ ተመካሪው የሚጠበቅበት መስማትና መጻፍ ነው። ስለዚህ አዲስ ደብተር ገዛሁ፤ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ "ምክሮች" ብዬ አሰመርኩበት፤ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር አስቀመጥኩ። ሙሉ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ።

አማካሪዋ ወይንሸት የምትባል የጉንችሬ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ከመጨረሻ ልጄ አይበልጥም። ጠረጴዛውን መሐላችን አላደረገችም፤ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ሊባል ትንሽ በቀረው ሁኔታ አስቀምጣለች። እዚያ የምናገረው ከዚያ ክፍል እንደማይወጣ ነገረችኝ። ወልቂጤ ውስጥ ስለ ስቅታዬ ያልሰማ ሰው ካለ ያኔ ገና ያልተወለደ ነው አልኳትና ደብተሬን ገለጥኩ።

"ዛሬ ስለ ምን ማውራት ይፈልጋሉ፣ ጋሼ?"

"እኔ የመጣሁት ልሰማ ነው።"

"ሊሰሙ ነው የመጡት።"

"አዎ።" ብዕሬን አዘጋጀሁ። እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። በኋላ ሲጨንቀኝ የለቅሶ ቤቱን ጉድ ዘረገፍኩት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ከሰው ጋር ማዘን በሚፈልጉበት ሰዓት የገዛ ሰውነትዎ ያሳጣዎታል" አለችኝ።

"እሱን እኮ አሁን እኔ ነኝ የነገርኩሽ!" አልኳት።

ነገር ልቀይር ብዬ ርእሰ መምህራችንን ማማት ጀመርኩ። አልተቃወመችኝም። ጭራሽ በትኩረት ሰማችኝ። ደስ አለኝና "ስለዚህ እኔ ነኝ ልክ?" አልኳት።

"እንደዚያ እንኳ አላልኩም" አለች ፈገግ ብላ። "በጣም እንደተናደዱ ግን ገብቶኛል።"

ሰዓታችን ሲያልቅ "እሺ፣ ምን ላድርግ?" ብዬ ጠየቅኳት። "እርስዎ ምን ይመስልዎታል?" አለችኝ። እኔ ክፍል ውስጥ ተማሪ ለጥያቄዬ እንዲህ ቢመልስልኝ ኖሮ ውጪ ነበር የሚያድረው።

ሽታዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ምን አለችህ?"

"ያልኳትን።"

"ከዚያስ?"

"እህም አለች።"

"ለእህምታ ይህን ያህል መንገድ ተሄደ? እኔስ እቤት እህም አልልህም?"

"አንቺ እህም ብለሽ አታውቂም፤ ሳልጨርስ ነው የምትመልሺው" አልኳት። ያን ቀን ራቴን የበላሁት ቀዝቅዞ ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዘዴ አሰብኩ። እኔ ዝም ካልኩ የግዷን ትመክረኛለች። ገብቼ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። አንድ ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ከውጭ የፍየል ድምፅ ይሰማል። ልጅቱ አትቁነጠነጥ፣ ስልኳን አታይ፣ አትኮሳተር። ተማሪ በዝምታ ሳሸንፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይቺ ግን ዝም ስትል እንኳ አብራችሁ ያለች ትመስላለች። በመጨረሻ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። "ይሄ የግድግዳ ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ይጎትታል" አልኳት። ቀጥሎ፣ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፣ "ቡታጅራ እያለን ከድርም እንዲህ ያለ ሰዓት ነበረው" የሚል ነገር ከአፌ ወጣ።

ከዚያማ ማን ያቁመኝ። ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ሆኖ ቡታጅራ የተመደብኩ ጊዜ ነው። ከድር የጂኦግራፊ መምህር ነበር፣ እዚያው ቡታጅራ አጠገብ ያለችው የእንሴኖ ልጅ። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን። አልጋችን አንድ ነው፤ ሌላው ፍራሽ መሬት ላይ ነው። በሳምንት እንቀያየራለን። እሱ ለሶላት ሲነሳ እኔን ይቀሰቅሰኛል፤ እኔ በጾም ወራት ቁርስ ሳልበላ ስውል እሱም ፊቴ ላይ መብላት ሆዱ አልችል ብሎት ተደብቆ ውጪ ይበላል። አንድ ሙሉ ልብስ በጋራ ነበረን። እሱ አጭር፣ እኔ ረጅም፤ ሱሪው ለእሱ ተጠቅልሎ ለእኔ ተዘርግቶ ያገለግል ነበር። የደመወዝ ሰሞን ማታ ማታ በዋናው መንገድ ስንንሸራሸር ዘቢዳር ተራራ ከከተማው በላይ ይጠቁራል፤ ከድር እጁን እየዘረጋ "ከዚያ ማዶ ምን እንዳለ ታውቃለህ?" ይለኛል። አላውቅም ነበር። ከዚያ ማዶ ወልቂጤ፣ ሽታዬ፣ አራት ልጅና ይሄ ሁሉ ዕድሜ ነበር። ወይንሸት "ሰዓታችን አልቋል፣ ጋሼ" ስትለኝ ገና ሱሪው ላይ ነበርኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር። ለሽታዬ ግን "ዛሬም አልመከረችኝም" አልኳት። ደግሞም ሳስበው ሥራዋ ቀላል ሆነብኝ። የተባለውን መድገም ነው! ይህንንማ ማንም ይሠራዋል።

ይህን ባሰብኩ በማግሥቱ ደምሴ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። አማቱ ልጃቸውን ሊጠይቁ ለአንድ ሳምንት መጥተው ሦስተኛ ወራቸውን ይዘዋል።

"መምህር፣ ቤቴ ቤቴ አልመስል አለኝ።"

ወንበሬን እንደ ወይንሸት ጠጋ አደረግኩ። "ቤትህ ቤትህ አልመስል ብሎሃል።"

"ወንበሬን ይዘውብኛል!"

"ወንበርህን ይዘውብሃል።"

"ሬዲዮኑንም የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው!"

"ሬዲዮኑም በእሳቸው እጅ ነው። ባጭሩ ቤትህን ወስደውብሃል ማለት ነው።"

ደምሴ ብድግ አለ። "አየህ! የተማረ ሰው በአንዴ ይገባዋል!" ብሎኝ ወጣ። በሙያዬ ኮራሁ። ሻዬን ሳልጨርስ የግቢያችን በር በምርኩዝ ተደበደበ። የደምሴ አማት ናቸው።

"ቤት ወስደዋል ያልከው አንተ ነህ?"

እጄን አጣምሬ "ተቆጥተዋል" አልኳቸው።

"ገና መቼ ተቆጣሁና!"

"ገና አልተቆጡም።"

"ያሾፍብኛል እንዴ ይሄ ሰውዬ!" ምርኩዙ ተነሳ። የዳንኩት ሽታዬ መሐል ስለገባች ነው። ሴትዮዋን ደግፋ አስገብታ አስቀመጠቻቸው፤ አጠገባቸው ተቀመጠች። አንድም ቃል አልደገመችም። ሴትዮዋ ሲሰድቡኝ ቆዩና ቀስ በቀስ ድምፃቸው ወረደ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ባዶ ቤታቸው እንደሚያስፈራቸው፣ ይህንንም ለልጃቸው መናገር እንዳፈሩ እያለቀሱ ተናገሩ። ይህን ደምሴም አያውቅም፤ እኔም ሙያዬን ይዤ አልደረስኩበትም። ሽታዬ ሴትዮዋን ደምሴ ቤት ድረስ ሸኘቻቸው። በማግሥቱ ደምሴ ወንበሩን ራሱ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ሰጣቸው አሉ።

ይህን ሁሉ በሦስተኛው ቀጠሮ ለወይንሸት ነገርኳት። ተቆጥታ የምታባርረኝ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን አፏን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ። አማካሪ እንደሚስቅ አላውቅም ነበር።

"እሺ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?" አልኳት።

"ደምሴ ሲያወራ እርስዎ ምን እያሰቡ ነበር?"

እውነቱን ነገርኳት። "ቀጥሎ የምለውን ዓረፍተ ነገር።"

"ጋሼ፣ እኔ የሰማሁትን መልሼ የምነግርዎት ተሳስቼ እንደሆነ እንዲያርሙኝ ነው። እርስዎ አስተማሪ ነዎት፤ እስካሁን ግን አንዴም አላረሙኝም።"

"ልክ ስትሆኚ ምኑን ላርም?"

"ስሳሳት ያርሙኛላ" አለች።

ከዚያ ስለ ምን እንደተነሳ እንጃ፣ የከድርን እናት የእማማ ዘይነባን ነገር አመጣሁ። ከድር መጀመሪያ እንሴኖ ቤታቸው የወሰደኝ ቀን ነው። ሥጋቸውን እንደማልበላ አስቀድመው አውቀው ለእኔ ብቻ ጎመንና አይብ ሠርተዋል። ቆጮውም ከነተጋገረበት የእንሰት ቅጠል ትኩሱን ቀረበ። እኔ ከጤፍ አገር የመጣሁ ጅል ቅጠሉም የሚበላ መስሎኝ ገመጥኩት። አኝካለሁ፣ አያልቅም፤ ለመዋጥ እታገላለሁ፣ አይሄድም። ከድር ሊፈነዳ ደርሷል። እማማ ዘይነባ በዓይናቸው ዝም አሰኙትና ከራሳቸው ድርሻ ላይ ቅጠሉን ቆርሰው እያዩኝ በሉ። እንግዳው እንዳያፍር! ቅጠል መብላት እንደማያስፈልግ ያወቅኩት ከወር በኋላ ነው። ይህን እያወራሁ እየሳቅኩ ነበር።

ወይንሸት አልሳቀችም። "እርስዎ እየሳቁ ነው የነገሩኝ፤ እኔን ግን አሳዘነኝ" አለች። ቀጥላም "ደግሞ ‹ነበሩ› እያሉ ነው የሚያወሩት" አለችኝ።

ሳቄ ተቋረጠ። ከአራት ዓመት በፊት ከድር እንደደወለልኝ ነገርኳት። እማማ ታመዋል፤ "መምህሩን ጥሩልኝ" እያሉ ነው አለኝ። የፈተና ሰሞን ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ አልኩት። በሳምንቱ ደግሞ እርማት አለብኝ አልኩት። በሦስተኛው ሳምንት የደወለው ማረፋቸውን ሊነግረኝ ነው። ለሽታዬ የሰማሁት ዘግይቶ ነው ብዬ ዋሸኋት። መናኸሪያ ሄጄ፣ መኪና ውስጥ ገብቼ፣ ሳይነሳ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ የከድርን ስልክ አንስቼ አላውቅም። እሱም በኋላ መደወሉን ተወ።

"ከድርን ፈሩት" አለች ወይንሸት በቀስታ።

"አይደለም!" አልኳት። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። "ከድርን ምን አስፈራኝ? አፈርኩ እንጂ። ቅጠል የበሉልኝ ሴት ጠርተውኝ ያልሄድኩ ሰው፣ በየትኛው እግሬ ለቅሷቸው እሄዳለሁ? ከዚያ ወዲህስ በየትኛው ዓይኔ የሰው ለቅሶ ላይ እቀመጣለሁ?"

"አፈሩ እንጂ አልፈሩም።"

"አዎ" አልኩ። ይህንን ከአራት ዓመት በኋላ ሰው ሲለው ሰማሁት። አለቀስኩ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ደስ አይልም፤ እሷ ግን ፊቷን አላዞረችም፣ "አይዞዎት፣ ይተዉት" ብላም አላቋረጠችኝ።

ፊቴን ከጠረግኩ በኋላ "በእናትሽ፣ አንዴ ብቻ ምከሪኝ። ምን ላድርግ?" አልኳት።

"ባውቀው በነገርኩዎት" አለች። "ግን እማማ ዘይነባ ቤት የበሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አልበላሁም። እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?"

ንዴቴ መጣ። ብድግ ብዬ "ምን እፈልጋለሁ ትይኛለሽ እንዴ? ቡታጅራ መሄድ ነዋ የምፈልገው!" ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ሁሉ ሰምተዋል። አንዲት ሴትዮ በኋላ መውጫው ላይ "መንገዱን ያቅናልዎት" አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለሽታዬ ከመሄዴ በፊት እውነቱን ነገርኳት። ሳልጨርስ አልመለሰችልኝም፤ ስጨርስ ግን "እኔንም እኮ ለቅሶ ከለከልከኝ" አለችኝ። እሱም ሌላ ዕዳ ነው። መንገዱ በእንሰቱ መሐል እየተጠማዘዘ ተራራውን ሲወጣ ስቅታው ጀመረኝ፤ ማዶውን ሲወርድ ደግሞ ሳልጠራው እንደመጣ ሳልሸኘው ሄደ። እስከ ቡታጅራ የንግግሬን መክፈቻ ሳጠና ነበር።

ከድር ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። ጸጉሩ ሸብቷል። ቀና ብሎ አየኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ።

"አሰላሙ አለይኩም" አልኩት።

"ወአለይኩም ሰላም" አለ፤ ከመቀመጫው ግን አልተነሳም። "አንተ ጎጃሜ፣ ምን ልታደርግ መጣህ?"

"ለቅሶ ልደርስ።"

"አራት ዓመት ሆነው እኮ።"

"አራት ዓመት ሆነው" አልኩ። የወይንሸትን ዘዴ አልነበረም የያዝኩት፤ ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው።

ጫማውን ፈታው፣ እንደገና አሰረው። "ተቀይሜሃለሁ" አለኝ። "ከልቤ ነው የተቀየምኩህ። ሰው ሁሉ ‹ያ ወዳጅህ የት ሄደ?› ሲለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።" እኔም ምክንያት አላቀረብኩም። በሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የተናገረኝ ሁሉ የሚገባኝ ነበር፤ ሌላም የሚገባኝ ነገር ሳይናገረኝ ቀረ። ሲበቃው ባለቤቱን ተጣርቶ "ውሃ አምጪ፣ እንግዳው እጁን ይታጠብ" አለ። እዚያው አደርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት እንሴኖ ወሰደኝ። መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎበታል። እሱ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፤ እኔም እንደማውቅበት ጸለይኩ። ሲጨርስ ፊቱን ዳበስ አድርጎ፣ እኔን ሳያየኝ ተናገረ።

"‹መምህሩ ለምን ቀረ?› ስትለኝ ‹ፈተና ላይ ነው› አልኳት። የሚፈተነው አንተ መስለሃት ‹በዚህ ዕድሜው?› ብላ አዘነችልህ። እኔም አላረምኳትም። ከዚያ ወዲህ ሶላቷን ስትጨርስ ‹ያ ረቢ፣ ለዚያ ልጅ አቅልልለት› ትል ነበር። ጠዋት ጠዋት ‹አለፈ?› ትለኛለች።"

"ምን አልካት?"

"የመጨረሻዋ ቀን ላይ ‹አልፏል፣ እማ› አልኳት።"

"ደስ አላቸው?"

"‹እንኳን!› አለች። ‹በቃ ደክሞታል፤ ይተኛ፣ አትቀስቅሱት› አለች።"

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከድርም ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ። ፀሐዩ እስኪበረታ ድረስ ሁለታችንም አልተነሳንም።